የእትዬ በዛወርቅ ደጃፍ

በእትዬ በዛወርቅ ማድ ቤት ማንም የማይነካው አንድ ድስት ነበር፤ የኸይሪያ ድስት። ኸይሪያ ከደሴ ቦንጋ ተመድባ የመጣች የሥነ ዜጋ መምህርት ናት። እትዬ ቤት አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ተከራይ መሆኗን ግን ሁለቱም ረስተውታል። እስላምና ክርስቲያን ሥጋ አይጋሩምና እትዬ የልጅቷን ድስት ከራሳቸው ዕቃ ለይተው እንደ ዐይናቸው ብሌን ይጠብቃሉ። ለፋሲካ እንኳ የእሷን ዶሮ ከነነፍሱ ልብስ ሰፊው ሰላሐዲን ዘንድ ልከው ያሳርዱላታል። “እኔ ቤት ሆና ሃይማኖቷን ብታጎድል ኃጢአቱ የእኔ ነው” ይላሉ። እንዲህ ያሉ ሆደ ቡቡ ሴት ናቸው።

ይህን ካልኩ ሌላውንም ልናገር። እንጨት ሻጯ ብርቅዬ ማንጆ ከሚባለው ወገን ናት። ማንጆ ደግሞ በካፋ አገር ከሌላው ሰው ቤት አይገባም፣ በሌላው ሰው ዕቃ አይጠጣም። ማን እንደከለከለ ብትጠይቁ የሚነግራችሁ አታገኙም፤ የማያውቀው ሰው ግን የለም። ብርቅዬ ሸክሟን አጥሩ ሥር ታወርዳለች፤ እትዬ ቂጣውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው በአጥሩ ላይ ያቀብሏታል። ሲቀላለዱ ለሰሚው እህትማማች ይመስላሉ። ሁለቱም ያረጁት እንዲሁ አጥር ተደግፈው ነው።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ አንድ ቀን እትዬ ገበያ ሄደው ሳለ ዶፍ ወረደ። ኸይሪያ ብርቅዬን እጇን ጎትታ አስገባቻት፤ እሳት ዳር አስቀምጣ በእትዬ ኩባያ ትኩስ ወተት ሰጠቻት። ጎረቤታቸው ዓባይነሽ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ ስትገባ ይህንኑ አየች። በማግስቱ ደግሞ የማርያም ማኅበር ተረኛ እትዬ በዛወርቅ ነበሩ። ጠላው ተጠምቋል፣ ዳቦው ተደፍቷል።

“ምን በደልኩሽ ልጄ?” አሏት እትዬ ማታ፣ ነገሩን ከዓባይነሽ ሰምተው። “ነገ እኔ ቤት ማን ሊቀምስ ነው? እኔ ድስትሽን ነክቼብሽ አውቃለሁ?”

“አያውቁም እትዬ። እናቴም እንዲህ አትጠነቀቅልኝም። ግን ድስቴን የለዩልኝ እኔ ስለፈለግሁ ነው። ብርቅዬን ማን ጠየቃት?”

ይህ ጥያቄ እትዬን የባሰ አናደዳቸው። እራት ሳይበሉ ተኙ።

በማግስቱ ማኅበርተኞቹ መጥተው በየመደባቸው ተቀመጡ። ጠላው ተቀዳ፤ ማንም አልነካውም። ዳቦው ተቆረሰ፤ እንደተቆረሰ ቀረ። ዓባይነሽ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገሩን ልታበርድ ፈለገች።

“በዛዬ፣ ልጅቷ የአገሩን ወግ ስለማታውቅ ነው። ኩባያውን ሰብሬዋለሁ በይንና እንጠጣ።”

ከእትዬ የሚጠበቀው አንዲት ቃል ብቻ ነበር። ባላቸው የሞቱ ጊዜ አብረዋቸው የተቀመጡት እነዚህ ሴቶች ናቸው፤ ነገ እሳቸውንም የሚያለቅሱላቸው እነሱው ናቸው። እትዬ ይህን እያሰቡ ቀና ቢሉ ኸይሪያ ትሪ እንደያዘች በር ላይ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። የምታየው ግን እሳቸውን ነው።

“አልሰበርኩትም” አሉ እትዬ። “እንዲያውም ዛሬ ጠዋት ጠጥቼበታለሁ።”

ይህ ውሸት ነበር። በማርያም ቀን መዋሸታቸው ስለከነከናቸው ወዲያው ኩባያውን አነሡ፤ ጠላ ቀዱበትና በሁሉም ፊት ጭልጥ አደረጉት።

ግማሾቹ ተነሥተው ወጡ። ዓባይነሽም ወጣች፤ ደጅ ደርሳ ግን ተመለሰች። ጠላውን አልነካችውም፤ ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች። እኔ በዚህ አልፈርድባትም።

እትዬ የወጡትን ሊሸኙ ከደጅ ሲደርሱ ብርቅዬ እንጨቷን አውርዳ አጥሩ ሥር ቆማ አገኟት። ሴቶቹ ፊታቸውን አዙረው ሲያልፏት አይታለች።

“ነይ ግቢ” አሏት እትዬ።

“አይ እትዬ። በእኔ የተነሣ ሰው ወጣብዎት።”

“ይውጣ። ግቢ ስልሽ!”

ብርቅዬ ንቅንቅ አላለችም። ትክ ብላ አየቻቸው። “እኔን ግቢ ይሉኛል። እርስዎስ እኔ ቤት ይገባሉ?”

እትዬ “እንዴታ!” ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። የወገቧን ሕመም ያውቃሉ። የልጆቿን ስም አንድ በአንድ ያውቃሉ። የበኩር ልጇ በወሊድ የሞተች ጊዜ በዚሁ አጥር ላይ አብረዋት አልቅሰዋል።

“ቤትሽ የት ነው?” አሉ በመጨረሻ፣ አፍረው።

ብርቅዬ ሳቀች፤ ዐይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ከወንዙ ማዶ በጣቷ አሳየቻቸው። “ያ ጭስ የሚወጣበት ነው።”

ያን ጭስ እትዬ በዛወርቅ በየማለዳው ፊታቸውን ሲታጠቡ ያዩታል።

“ኸይሪያ! ማኅበርተኞቹን አደራ!” ብለው ወደ ቤት ተጣሩ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው የአጥሩን በር ከፈቱና ወጡ። “በይ ምሪኝ” አሏት።