የነጎድጓድ ሚስት ድምፅ

ሰዉ ሁሉ የሚጠራው «ነጎድጓድ» እያለ ነው። ስሙን ያወጡለት የሲኒማ ተመልካቾች ናቸው፤ የእሱ ፊልም ሲታይ ውጭ ትኬት የሚጠብቀው ሰው ሳይቀር ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋላ። በመጀመሪያው ፊልም ባቡር ከነተሳፋሪው ገደል አፋፍ ላይ አንጠለጠለ፤ በሁለተኛው አንድ ሙሉ ሰፈር አቃጠለ፤ ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለው፣ ድልድይ ሲያፈርስ፣ መርከብ ሲገለብጥ፣ ከተማ በጎርፍ ሲያስወስድ ኖረ። ጋዜጣ ላይ የሚጽፉት ሰዎች «ጩኸት ብቻ» እያሉ ሲያብጠለጥሉት እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የሚቀጥለውን ነገር ያፈርሳል። ተመልካቹን ግን አንድ ነገር ነፍጎት አያውቅም። የፈለገው ቢፈርስ፣ መጨረሻ ላይ አባት ልጁን አቅፎ ከጭሱ ውስጥ ይወጣል። ሰዉም እንባውን ጠርጎ፣ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል።

ማንም የማያውቀው ነገር ቢኖር እነዚያ ፊልሞች ሁሉ መጀመሪያ አፍ የፈቱት በሚስቱ ድምፅ መሆኑን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍንዳታው በሚጮህበት ሜዳ ላይ የተዋናይ ድምፅ አይቀዳም፤ ቢቀዳም ለምንም አይሆንም። ስለዚህ ንግግሩ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ እንደ አዲስ ይቀዳል። ታዋቂዎቹ ተዋናዮች ደግሞ ለዚያ የሚሆን ጊዜ የሚያገኙት ከስንት ወር ልመና በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ምስሉ የሚቀናበረው ዲዳ ሆኖ አይደለም፤ የሆነ ሰው ቃሉን እያነበበ ቦታውን መያዝ አለበት። ያንን የምትሠራው ሚስቱ ነበረች። ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትወጣ ትመጣና ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣል አድርጋ፣ መነጽሯን አጥልቃ፣ ከማይክሮፎኑ ፊት ትቀመጣለች። ጀግናዋን ታነባለች፤ የሚያለቅሰውን ሕፃን ትሆናለች፤ አሮጊቷንም፣ ዜና አንባቢውንም፣ ሰው ከጠፋ ወንበዴውንም። ከወራት በኋላ ተዋናዮቹ ሲመጡ የእሷ ድምፅ ይነሳና የእነሱ ይገባል።

ይነሳና ማለት ደግሞ ይጠፋል ማለት ነው። ይህን ያዘዘው ራሱ ነጎድጓድ ነው። ጥንት፣ በሁለተኛው ፊልም የመጀመሪያ ምርቃት ላይ፣ ጢሙ እጅጌ የሚያህል የፖሊስ አዛዥ ስክሪኑ ላይ ደረቱን ነፍቶ ቀረበና አፉን ሲከፍት የሚስቱ ድምፅ ወጣ። አንዷ ቃል ሳትነሳ ቀርታ ኖሯል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም አብራ ሳቀች፣ እንዲያውም ከሁሉም በላይ የሳቀችው እሷ ነች። እሱ ግን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። በማግስቱ ስቱዲዮ ገብቶ ሕግ አወጣ፤ ጊዜያዊው ድምፅ፣ ተዋናዩ እንደመጣ፣ በዚያው ቀን ከማሽኑ ይጥፋ። በዚያው ሌላም ጨመረ፤ ከንባቡ በፊትና በኋላ ያለው ወሬ፣ ሳሉ፣ «ውሃ አምጡልኝ»ው ሁሉ ተቆርጦ ይጣል፤ ቃሉ ብቻ ይቀመጥ። የድምፅ ባለሙያው፣ ሰዉ «ጆሮ» የሚለው ዝምተኛ ሰውዬ፣ ሕጉን አንድም ቀን ሳያፈርስ ኖረ።

ሚስቱ ከሞተች መንፈቅ ሳይሞላ ሴት ልጃቸው ወንድ ልጅ ወለደች። ነጎድጓድ ሊጠይቃት ሄዶ ሕፃኑን ታቅፎ፣ አፍንጫው የማን እንደሆነ ሲከራከር፣ ሴት ልጁ ድንገት፣

«አባዬ፣ የእማዬ ድምፅ አለህ እንዴ?» አለችው።

«የምን ድምፅ?»

«ድምፅዋ። እኔ ጋ ፈልጌ አጣሁ። ፎቶ ሞልቷል፤ ድምፅዋ ግን የለም። ላሰማው ፈልጌ እኮ ነው። ደግሞ… ደግሞ እየጠፋኝ ነው። ትናንት እንዴት ነበር 'ነይ' የምትለኝ ብዬ ሳስብ አልመጣልሽ አለኝ።»

የቤታቸው ቪዲዮ ቁም ሣጥን ሙሉ ነው። ግን እዚያም ቤት ሕግ ነበረ፤ ካሜራ የያዘ ሰው አይናገርም። ካሜራውን የምትይዘው ደግሞ ሁልጊዜ እሷ ነች። በልደቱም በምርቃቱም በሽርሽሩም ሁሉም ሰው ያወራል፣ እሷ ብቻ ትንፍሽ አትልም። ስልክ ላይም ድምፅ ቀድታ መላክ አትወድም ነበር፤ የሚነግረኝ ያለው ሰው ይምጣ ባይ ናት።

«ይሄማ ምን ችግር አለው» አለ ነጎድጓድ አፉን ሞልቶ። «እናትሽ ስንት ዓመት ሙሉ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጣለች! ስንት ሰዓት ሙሉ አመጣልሻለሁ።»

ስቱዲዮ ሄዶ ጆሮን ሲጠይቀው፣ ሰውዬው ወንበሩን ወደ እሱ አዞረና፣ «ጋሼ፣ አጥፋ ብለውኝ ነበር እኮ» አለው።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። የቀረው የአሁኑ ፊልም ብቻ ነው። ተዋናይቷ ገና ስላልመጣች።»

በነጎድጓድ ዓይን ባቡሩ፣ መርከቡ፣ ጎርፉ አለፈ፤ ሁሉም ውስጥ እሷ ነበረች፣ አሁን አንዱም ውስጥ የለችም። የጠረገው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ምናለ፣ ቢያንስ ይጮህበት ነበር። የሚጮህበት ሰው ስላጣ «እሺ፣ ያለውን ስጠኝ» ብሎ የቀረውን ይዞ ሄደ።

የቀረውም ቢሆን ትንሽ አይደለም። ልጁ ሕፃኑን አስተኝታ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማች። የመጀመሪያዋ ቃል ስትወጣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ነጎድጓድም ይኸው አመጣሁልሽ ሊላት ሲያስብ፣ ፊቷ ቀስ በቀስ ሲቀየር አየ። ግድቡ ተሰንጥቋል። ወደ ኋላ አትዩ፣ ሩጡ። ውሃው ደርሷል፣ ልጆቹን አውጡ። አሥር ጊዜ፣ በአሥር ዓይነት አነባበብ፣ ውሃው ደርሷል፣ ልጆቹን አውጡ።

ማዳመጫውን አወለቀች።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ አንተ ነህ» አለችው። ልትወቅሰው ብላ አልነበረም፤ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነው። «ቃሉ ሁሉ ያንተ ነው። እማዬ 'ልጆቹን አውጡ' ብላ ታውቃለች? ከራሷ የወጣ አንዲት ነገር ይበቃኛል። 'ምሳ በላችሁ ወይ' ያለችው እንኳ ቢሆን።»

ይህን የሰማ ቀን ነጎድጓድ እንቅልፍ አልወሰደውም። ጠዋት ከጽዳት ሠራተኞቹ እኩል ስቱዲዮ ገባ። ጆሮን አጠገቡ አስቀምጦ የአሁኑን ፊልም ድምፅ ከጫፍ እስከ ጫፍ መበርበር ጀመረ። ቃሉ ይጀምራል፣ ቃሉ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም፤ የጆሮ እጅ ንጹህ ነው፣ ትንፋሽ እንኳ አልቀረም። ነጎድጓድ ሰው ሥራውን በደንብ ሲሠራለት እንዲህ አምርሮ አዝኖ አያውቅም። በመሐል ፕሮዲውሰሩ ደወለ፤ ተዋናይቷ ሐሙስ ትመጣለች፣ ፊልሙም በተቆረጠለት ቀን ይወጣል፣ ከእንግዲህ መዘግየት የሚባል ነገር የለም አለ። ነጎድጓድ «እሺ» ብቻ ብሎ ዘጋው።

ተስፋ ሲቆርጡ ጆሮ አንድ ነገር ትዝ አለው። «እኔ የወንድሜ ሠርግ ብዬ ቀድሜ የወጣሁ ቀን፣ እርስዎ ራስዎ አልቀዱም?»

ቀድቷል። ያን ቀን ቁልፉን የተጫነው ራሱ ነጎድጓድ ነው። ከተማ የሚያሰጥመው ሰው ግን የመቅጃውን ማቆሚያ የት እንደሆነ በቅጡ አያውቅም፤ ከፍቶ እንደተወው፣ ያለ ቦታው ተቀምጦ ቀርቷል። ጆሮ ፈልጎ አገኘውና ከፈተው።

መጀመሪያ ወንበር ተንቋቋ። ወረቀት ተገለጠ። «ውሃው ደርሷል፣ ልጆቹን አውጡ» አለች፤ ከዚያ ቁና ቁና ተነፈሰች። ከዚያም በራሷ ድምፅ፣ በዚያች ዝቅ ባለች የቤት ድምፅዋ፣

«ጨረስን እንዴ? ዛሬስ ደክሞኛል። ቤት ብትወስደኝ።»

ነጎድጓድ ፈገግ አለ፤ እጁን ወደ ድምፅ ማጉያው ዘረጋ። ቀጥሎ የመጣው ግን የገዛ ራሱ ድምፅ ነበር።

«አንዴ ብቻ። ትንፋሽሽ እየገባ አበላሸው። ሳትተነፍሺ በዪው።»

«ሳልተነፍስ?» አለች፤ ትንሽ ሳቀች፤ ሳቋን ሳል አቋረጠው። «እሺ።» ከዚያ ሳትተነፍስ አለችው። ደግሞ አለችው። «እንደሱ! አንድ ጊዜ ጨምሪልኝ» ይላል ሰውዬው፣ በደስታ። ደግሞ አለችው።

በዚያን ጊዜ በሽታው አልታወቀም። ጉንፋን ነበር ያሉት። ሐኪም ቤት የገባችው ከዚያ በኋላ ነው፣ ሳንባዋ ምን እንደሆነ የሰሙትም ያኔ ነው። ይህን ሁሉ ነጎድጓድ ለራሱ ነገረው፤ ነገሩ ግን አልቀለለለትም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ፣ ጆሮ አጠገቡ ተቀምጦ እያየው፣ ሳያፍር።

ጆሮ እንባው እስኪወጣለት ጠበቀው።

«ጋሼ፣ የእርስዎን ላውጣው? የእሷን ብቻ እንተወው። 'ቤት ብትወስደኝ' ስትል፣ ቀጥሎ ሳቋንና 'እሺ'ን ካስጠጋናቸው ማንም አያውቅም።»

ነጎድጓድ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሳሉን አውጥተህ፣ ዝምታውን አሳጥረህ፣ ሳቁን ብታስጠጋው፣ ሚስት ቤት ውሰደኝ ትላለች፣ ባል ራሱን ነቅንቆ ይነሳል፣ እሷም ስቃ እሺ ትላለች። ኮቷን ሲያለብሳት ሁሉ ይታያል። የሕዝብ ፍቅር ያገኘው እንዲህ እየሠራ አይደለም ወይ? እጁ ጠረጴዛው ላይ ተንቀሳቀሰ፤ የት ላይ እንደሚቆረጥ እንኳ መርጦ ጨርሶ ነበር።

«ተወው» አለ መጨረሻ ላይ። «የእሷን ቃል ስቆርጥ ነው የኖርኩት። እንዳለ ስጠኝ።»

ሴት ልጁ ቤት ሲደርስ ሕፃኑ ነቅቶ ጭኗ ላይ ነበር። ነጎድጓድ መሣሪያውን ሰጥቷት መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ፤ ሲኒማ ውስጥ የተመልካቹን ፊት እያየ የሚደሰት ሰው፣ የልጁን ፊት ማየት አቃተው። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማ። ወረቀቱን ሰማ። ቤት ብትወስደኝ ስትል ሰማ፤ ሳትተነፍሺ በዪው ሲል ራሱንም ሰማ። ድምፁ አለቀ።

«ከዚያስ ወሰድካት?» አለችው ልጁ።

ውሸት አፉ ላይ መጣለት፤ ደግሞ ጥሩ ውሸት።

«መኪና ላኩላት» አለ። «እኔ ሥራ ነበረኝ።»

ልጁ አፍንጫዋን ጠርጋ ድምፁን ወደ መጀመሪያው መለሰችና ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ወንበሩ እንደገና ተንቋቋ፤ ውሃው ደረሰ፤ «ጨረስን እንዴ? ዛሬስ ደክሞኛል» አለች ሴትየዋ።

«ይቺ አያትህ ናት» አለችው ልጇን ጆሮው ሥር ጎንበስ ብላ።

ሌላው ድምፅ ሲመጣ የማን እንደሆነ አልነገረችውም።