የረቡዕ ዝናብ

ፓክ ጉናዲ ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ ዋለ፣ ኮንክሪት መሙላት የማይታሰብ ነበር ይላሉ። ላስትሪ ደግሞ ረቡዕ ጠብ ያለ ነገር የለም ትላለች። እሳቸው ኮንትራክተሩ፣ እሷ ተቆጣጣሪ መሐንዲሷ ናቸው፤ ከዴማክ ከተማ በታች የሚሠራው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ግን አንድ ነው። የእሷ ቢሮ ከወንዙ ወዲህ፣ የእሳቸው ሥራ ከወንዙ ወዲያ።

ለሌላ ሰው ተራ ክርክር ነበር። ላስትሪ ግን በዝናብ የባከነ ቀን ያለ ቅጣት እንዲካካስ፣ ሌላ እክል ሲገጥምም ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው እንዲመካከሩ የሚለውን አንቀጽ ውሉ ውስጥ ያስገባችው አለቆቿን ለምና፣ ተከራክራ፣ አንዳንዴም ተኳርፋ ነው። አሁን የቀጣዩ ምዕራፍ ውል ሊፈረም ነው። አለቃዋ ጠዋት ደውለው «ያ አንቀጽሽ ይቀጥል ወይስ ይውጣ? ዛሬውኑ ንገሪኝ» ብለዋታል።

በጀልባ ተሻገረች። በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደተሻገረች ራሷም አታውቅም። ፓክ ጉናዲን ከሥራው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት፣ ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ጥብስ ይዘው አገኘቻቸው።

«ፓክ፣ ረቡዕ እኮ ልብሴን አጥቤ ደጅ አስጥቼ ነበር።»

«እርስዎ ማዶ ነዎት፣ ቡ» አሉ ሳይደናገጡ፤ በአገሩ ወንዱ «ፓክ»፣ ሴቷ «ቡ» ተብለው ነው በአክብሮት የሚጠሩት። «እዚህ የመንደሩ ሹም ልጁን ሲድር ዝናብ ከልካይ አምጥቶ ነበር። ሰውየው ደመናውን ከድንኳኑ አባሮ እኛ ላይ ደፋው!»

ሻይ የምትቀዳው ሴት ፊቷን አዙራ ሳቀች።

«ድንኳኑ ያውና፣ ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል። እነሱ ደርቀው እናንተ ብቻ በሰበሳችሁ?»

«ከልካዩ ጎበዝ ነዋ!»

ላስትሪ አልሳቀችም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «ደክሞኛል፣ ፓክ። ሁለተኛ አልጠይቅዎትም።»

ፓክ ጉናዲ ቴምፔውን ሳህኑ ላይ መለሱት።

«ሠራተኞቼ በሙሉ የዚሁ መንደር ሰዎች ናቸው። ጎረቤቱ ሲድር ሩዝ ያልቀቀለ፣ ወንበር ያላመላለሰ፣ ነገ የራሱን ልጅ ሲድር ማን ይመጣለታል? የቱን ልከልክል? እኔም ሄጄ ውኃ ስሸከም ዋልኩ።»

«ታዲያ ይህንኑ አይነግሩኝም ነበር? አንቀጹ እኮ እንመካከር ነው የሚለው! ማክሰኞ ቢሉኝ ቀኑን እንቀይረው ነበር።»

«እንዲህ የሚል ውል ስፈርም የመጀመሪያዬ ነው፣ ቡ። እስከ ዛሬ በሠራሁባቸው ቦታዎች እውነቱን ስናገር ተቀጣሁ፤ ዘነበ ስል ግን ማንም ቀና ብሎ ሰማዩን አላየም። አፌ ለምዶት ነው። ደግሞም እርስዎን አፈርኩዎት።»

ልትቆጣ ፈለገች፤ ጉልበቱ አልነበራትም። አንቀጹ ከወጣ እኚህ ሰው ነገም እንደለመዱት ይዋሻሉ። ረቡዕን ብታልፈው ደግሞ ወንዙን ተከትሎ የሚሠራው ኮንትራክተር ሁሉ አንቀጹ መጫወቻ እንደሆነ ይሰማል። ከሁለቱም የሚያሳርፍ አልነበረም።

ስልኳን አውጥታ ለአለቃዋ ደወለች። ፓክ ጉናዲ እንዲሰሙ ብላ ካለችበት አልተነሣችም።

«አንቀጹ ይቆያል» አለቻቸው። «ረቡዕ ግን አልዘነበም፤ የቀኑን ቅጣት ይጻፉባቸው። አንቀጹን በተመለከተ የሚመጣውን እኔ እጠየቅበታለሁ።»