የደረጃው ማረፊያ

አዲሱ ሕግ መጽደቁን በቤቱ ቀድማ የሰማችው ሚስቱ ነበረች። የድንጋይ ከሰል የሚያወጡና የሚያነዱ ኩባንያዎች ከገቢያቸው እየቀነሱ ለአንድ የጋራ ፈንድ ያዋጣሉ፤ ፈንዱም አቧራ ሳንባቸውን የጎዳባቸውን ሠራተኞች ዕድሜ ልካቸውን ያሳክማል፣ ይጦራል። ባሏ ጉልበቱን የጨረሰው በኃይል ማመንጫው የእንፋሎት ማሞቂያ ክፍል ስለሆነ፣ የቀረው የፈንዱ ሐኪም መታመሙን እንድታረጋግጥ ብቻ ነበር።

ይህ ግን እንደ እርሱ ላለ ሰው ቀላል አልነበረም። ማመንጫው በየዓመቱ ሠራተኞቹን ያስመረምር ነበር፤ ትንፋሽ አጠረኝ ያለ ሠራተኛም ብዙ ሳይቆይ ይሰናበታል። ስለዚህ ሁሉም ማለክለካቸውን መደበቅ ተክነውበት ነበር። አንዱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል፤ ሌላው ደህናውን ቧንቧ ይፈትሻል። የዚያን ዕለት ጠዋት ሚስቱ የኮቱን ኮሌታ እያስተካከለች፣ ዛሬ እንኳ ጀግና ልሁን እንዳይል ለምናዋለች።

በክሊኒኩ የቀድሞ ባልደረቦቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቁ ነበር። “ጥላሸት” የሚሉት ከሰል ጫኝ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

“ና ተቀመጥ፤ ዘንድሮ ፈተናው ተገልብጧል። የሚያልፈው የወደቀው ነው።”

ሳቁ ሳያልቅ በወንበሩ ሙሉ ወደ ሳል ተለወጠ።

ሐኪሟ ልጁ የምትሆን ወጣት ነበረች። ለጠየቀችው ሁሉ ደህና መሆኑን እየተናገረ መለሰላት፤ ደረጃም ቢሆን አያስቸግረውም። ሚስቱ ወለሉን ታያለች። የትንፋሽ መለኪያው ውጤት አጠራጣሪ ሆነና ነገሩ በደረጃ መውጣት እንዲለይ ተወሰነ። ሐኪሟ ጣቱ ላይ ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ ሰክታ አብራው ወጣች፤ ሚስቱም ተከተለቻቸው።

በመጀመሪያው ማረፊያ ግድግዳው ላይ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ነበር። እርሱም ቆመ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆጣሪውን አየ፤ ስለ ሽቦው አሠራር ቀስ ብሎ፣ በየቃሉ እያረፈ አስረዳ። ሐኪሟ የሙያ ፍቅር መስሏት ፈገግ አለች። በጣቱ መለኪያ ላይ ወርዶ የነበረው ቁጥር ግን በዚህ መሐል ከፍ እያለ ነበር፤ ይህን ያየችው ሚስቱ ናት። ላይ ሲደርሱ ሐኪሟ ቁጥሩን አንብባ፣ በዚህ ውጤት ፈንዱ እንደማይቀበለው በትሕትና ነገረችው።

“ዶክተርዬ፣ አንዴ ልጠይቀው” አለች ሚስቱ። ወደ እርሱም ዞረች። “ትናንት ከገበያ ስንመለስ የሕንፃችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆመህ ቆጣሪ አይተሃል። ስንት ይል ነበር?”

 ጎረቤቱ ሁሉ ቆጣሪያችንን ይጠብቅልናል እያለ የሚመርቀው፣ እርሷም ሥራው ከደሙ አልወጣም እያለች የምትስቅበት ሰው ነበር። ቁጥር ፈጥሮ መናገር አያቅተውም ነበር።

“አላየሁትም” አለ በመጨረሻ። “ትንፋሼ እስኪመለስ ነው የምቆመው።”

“ለእኔ እንኳ አትነግረኝም?”

“አራተኛ ፎቅ የገባነው መስኮቱን ስለወደድሽው ነው። ከነገርኩሽ ምድር ቤት ካልወረድን ትያለሽ።”

ሐኪሟ የጻፈችውን ሰረዘች። ካረፈ በኋላ ከታች ጀምሮ፣ ምንም ሳይደብቅ እንዲወጣ ጠየቀችው።

ሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ ቆጣሪውን ቀና ብሎ ሳያይ አለፈ። ጥቂት ደረጃ እንደሄደ፣ ግድግዳው ባዶ በሆነበት፣ የሚታይም የሚነካም ነገር በሌለበት ቦታ ቆመ። የብረት ድጋፉን በሁለት እጁ ያዘ፤ ያፈነው ትንፋሽም እያፏጨ ወጣ። ከታች የባልደረቦቹ ጨዋታ ተቋረጠ። ሁሉም ያንን ድምፅ ያውቁታል።

ከፊቱ ትወጣ የነበረችው ሚስቱ አንድ ደረጃ ወርዳ ክንዱን ደገፈችው። ሐኪሟ የወረደውን የጣቱን ቁጥር አይታ ጻፈች።

“አይቸኩሉ አባቴ” አለችው።

አልቸኮለም።