ቀለም ያልጠጣው ወለል

ሰፈሩ ሁሉ ብሩሽ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ እናቱም ራሷ ሰሞኑን መርሳት ጀምራለች። ሙያው የቤት ዕቃ መቀባት ነው። ቁም ሣጥኑን፣ አልጋውን፣ ጠረጴዛውን፣ አናጢዎች ሠርተው ያመጡለትን ሁሉ ቀለም አጠጥቶ፣ ቫርኒሽ አልብሶ፣ ፊት እስኪያሳይ ድረስ አብርቶ ይመልሳል። ለእሱ እንጨት ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚታዘዝና የሚያኮርፍ። ያኮረፈውንም ቢሆን አባብሎ ያስታርቀው ነበር፣ ይቺ የአሻንጉሊት ቤት መጥታ ጉድ እስክታደርገው ድረስ።

ቤቷ የማንም ልጅ መጫወቻ አይደለችም። የእናቱ ቤት ናት። እናቱ ከሙሽርነቷ ጀምሮ የኖረችበት ቤት መንገድ ሊያልፍበት ፈረሰና እሷም ልጇ ዘንድ፣ ፎቅ ላይ ካለው አፓርታማ ገባች። ከዚያ ወዲህ ምሳ ተበልቶ ሳህኑ ሳይነሳ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ትቆማለች።

"በሉ እንግዲህ፣ እናንተም ደግ ሰዎች ናችሁ። መሽቶብኛል፣ ወደ ቤቴ ልሂድ" ትላለች፣ ፀሐይዋ አናት ላይ እያለች።

አንድ ቀን ሳያዩዋት ወጣች። ሲፈልጓት ውለው፣ መኪና በሚርመሰመስበት አደባባይ ዳር ቆማ፣ "ቤቴን እዚህ ነበር የተውኩት" እያለች አላፊ አግዳሚውን ስትጠይቅ አገኟት። ሚስቱ ያን ዕለት በሩን ከውጭ የሚይዝ ቁልፍ እናስገባ አለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ አማቷን ገላዋን የምታጥባት፣ ፀጉሯን የምታበጥርላት እሷው ናት።

"እኔስ ወድጄ ነው? መኪና ቢድጣቸው ምን ይውጠናል?"

"እናቴ ላይ በር አልቆልፍም።"

"እሺ፣ ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?"

"ቤቷን አመጣላታለሁ።"

ሚስቱን መሳቅም ማልቀስም አማራት። ቢሆንም ባሏ ነውና ስለምትወደው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሠችው።

እነሆ ብሩሽ ምድር ቤት ባለው ወርክሾፑ ስስ የጥድ ጣውላ እየቆረጠ ያንን ቤት ከልቡ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሊያቆመው ተነሣ። ሳሎኑ፣ ሁለቱ መኝታ ክፍሎች፣ ከሳሎኑ ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል፣ በእርግጫ ካልሆነ የማይከፈተው የጓሮ በር ሳይቀር። ደንቡን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ቀለም ይቀድማል፣ ኮላ ይከተላል። ኮላ የነካውን እንጨት ቀለም ቢለምኑትም አይገባበትም። ለስንቱ ጀማሪ ጣቱን ቀስሮ ሲናገረው የኖረውን ነገር፣ እናቱ በጠፋች ማግስት በችኮላ ገለበጠው። ከቀለሙ በፊት አጣበቀ። ኮላው በየመጋጠሚያው ተርፎ ፈሰሰ፤ የሳሎኑ ወለል ላይ ደግሞ ጠርሙሱ ተደፋ። በእርጥብ ጨርቅ ጠረገውና ደረቀ፤ ዓይንም አላየው።

ቀለሙን ሲቀባ ጉዱ ወጣ። ወለሉ መሐል መዳፍ የምታህል ቦታ ነጭ ሆና ቀረች። የጣውላው ጫፍ ጫፍ በተቃራኒው ጠጥቶ ጠጥቶ ከሰለ። የቀረው ደግሞ እዚህ ጠቆር፣ እዚያ ፈዘዝ ብሎ ዝንጉርጉር ሆነ። ትልቅ ቁም ሣጥን ቢሆን ሰው ራቅ ብሎ ስለሚያየው ያልፍ ነበር። አሻንጉሊት ቤትን ግን ሰው አፍንጫውን አስገብቶ ነው የሚያየው።

የከሰለውን በቲነር በራሰ ጨርቅ እያሸ አቀለለው። ገና ያልተቀቡትን በሮች መጀመሪያ ቀጭን ቫርኒሽ አቅምሶ ጥማቸውን ቆረጠና ቀለሙን አስከተለ፤ እነሱ ተገሩ። ነጯ ቦታ ግን በብርጭቆ ወረቀት ብትፋቅም፣ ሌላ ቀለም ብትደረብባትም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በመጨረሻ የሚስቱን የቅንድብ ብሩሽ ሰርቆ፣ የእንጨቱን ሥር፣ ያን እንደ ደም ሥር የሚሄደውን መስመር፣ አንድ በአንድ ሊሥልባት ተቀመጠ። ሚስቱ ብሩሹን ስትፈልግ ሰነበተች፤ እሱም አብሯት ፈለገ።

የሚያሳድደው ቀለም አንድ ነበር። ያ ወለል ጥቁር ቡናማ ነበር፤ እናቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰም ቀብታ ተንበርክካ ታሸው ነበር። በወርክሾፑ መስኮት በገባው ብርሃን የእንጨቱ ብናኝ ሲንሳፈፍ፣ ዓይኑን ወደ ትንሿ ቤት መስኮት ያስጠጋና ራሱን ውስጥ ያገኘዋል፤ በደረቱ ተኝቶ፣ ጉንጩ የቀዘቀዘው ወለል ላይ ሆኖ። እናቱ ታልፋለች። ቀሚሷ ጆሮውን ይነካዋል። መንገድ ላይ መኪና ጡሩንባ ሲነፋ ብሩሽ ብድግ ይላል፤ ትልቅ ሰውዬ፣ አንድ ጉንጩ ላይ ቀለም።

የወሩ መጨረሻ ዋዜማ ሚስቱ፣ "ቁልፍ ሠሪው ነገ ይመጣል" አለችው። ያን ዕለት እናቱን ክንዷን ይዞ ወርክሾፕ አወረዳትና ቤቱ ፊት አስቀመጣት።

እናቱ አጎንብሳ አየች። በመስኮቶቹ፣ በበሮቹ።

"ያምራል" አለች። "የማን ቤት ነው?"

"ያንቺ ነዋ፣ እማዬ! ይኸው ሳሎንሽ። ይኸው የጓሮው በር።"

"አይ፣ የእኔ እንዲህ አልጠቆረም።" ፊቷ ላይ ያ ለመሄድ የመቸኮል ነገር መጣ፤ እጇ ቦርሳዋን ፈለገ። ብሩሽ ቅስሙ ስብር አለ። ከዚያ ጣቷ ወለሉን ዳሰሰ ዳሰሰና ሥሎ ያልጨረሳት ነጭ ቦታ ላይ ቆመ።

"ይቺ ናት" አለች፣ ሳቅ ሳቅ እያላት። "ጌታው፣ ይዩዋት፣ ወለሌ ይቺ ናት። አናጢው በቅርቡ አይደል ያስረከበን? ባለቤቴ እንግዳውን ሁሉ ጫማ እያስወለቀ አስቸገረኝ።"

ልጇን አንቱ ብላው አታውቅም ነበር። ጌታውም ብላው አታውቅም።

ብሩሽ የገባው ያኔ ነው። እሱ የሚያውቀው ጥቁረት የስንት ዓመት ሰም፣ የእሱ ሩጫ፣ የእሱ ኳስ፣ እሱ የደፋው የቀለም ብልቃጥ ነበር። እሷ ልትገባበት የምትፈልገው ቤት ግን እሱ ገና ያልተወለደበት ነው። እዚያ ቢያንኳኳ ማን ልበል ትለዋለች። ሆድ ባሰው፤ እንደ ልጅ ሆድ ባሰው። ለምን ይዋሻል፣ ተቆጣትም። ከዚያ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና ብርጭቆ ወረቀቱን አንስቶ የደከመበትን ቀለም መፋቅ ጀመረ።

እናቱ ትንሽ አየችውና፣ "እስኪ እኔም ልያዝ" አለች። ቁራጭ ሰጣት። እጇ የሚያስገርም ነበር፤ በእንጨቱ ሥር አቅጣጫ፣ ቀስ ብላ፣ ሳትጫን። ከጥቁሩ ሥር ነጣ ያለው ጥድ ብቅ ሲል እየነፋች ትስቅ ነበር።

በማግስቱ ምሳ ተበላ። እናቱ ቦርሳዋን አነገተች፣ በሩ ላይ ቆመች፣ "በሉ እንግዲህ" አለች። ሚስቱ ባሏን አየችው።

"ወለሉስ?" አለ ብሩሽ። "ሳይጨረስ?"

እናቱ አሰበች። "ወይ ጉዴ! ለካ ሥራ አለኝ።" ቦርሳዋን ለምራቷ አስያዘቻትና ደረጃውን ወደ ወርክሾፑ ወረደች። ምራቷ ቦርሳውን እንዳቀፈች ስልኳን አውጥታ ቁልፍ ሠሪውን አትምጣ አለችው።

ቀኑ ለስላሳ ነበር። ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ሁለት ወረቀቶች ቀስ ብለው ይንሾካሾካሉ። ሳሎኑ አለቀ፤ መኝታ ክፍሎቹ አለቁ።

"ጌታው" አለች እናቱ፣ "ይቺን ከሳሎኑ ጀርባ ያለችውን አደራ። በደንብ ትለስልስልኝ።"

"ምን ሊገባባት ነው?"

ወደ በሩ ዘወር ብላ አየች፣ ሰው እንዳይሰማት። "ለልጅ ናት። ባለቤቴ እንኳ ገና አያውቅም፤ ለእርስዎ ብቻ ነው የነገርኩት።" እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። "መዳህ ሲጀምር ስንጥር እንዳይወጋብኝ።"

ብሩሽ እማዬ ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉን መልሶ ዋጠው።

"አይወጋውም፣ እመቤቴ" አላት። ጣቱን በጠባቧ ክፍል ወለል ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳልፎ አየና፣ አንዲት ጥግ ስለሻከረችው ወረቀቱን አጥፎ እንደገና ጀመረ።