ሚጡ የምትነዳው

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር ገና የሱቁ በር ላይ ሳይደርሱ ደማቸው ፈልቶ ነበር። ለልጅ ልጃቸው ለሚጡ ባለሦስት ጎማ ብስክሌት እገዛለሁ ብለው ያወጁት እሳቸው፣ የትኛው እንደሚገዛ ቀድማ የወሰነችው ግን ልጃቸው። መንገዱን ሙሉ የምታወራው ከኋላ መግፊያ ዘንግ ስላለው ስለ አንድ ዘመናዊ ዕቃ ብቻ ነው። ሚጡ በሁለቱ መሀል እጅና እጇን ተይዛ እየተንጠለጠለች ትሄዳለች።

ሻጯ ዕቃውን አውርዳ አሳየቻቸው። ጥላ አለው፣ ቀበቶ አለው፣ ይዘፍናል። ሾፌሩ ጎንበስ ብለው መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዙት። የፊት ጎማው ንቅንቅ አላለም። ወደ ቀኝም ያው።

«ተበላሽቷል» አሉ።

ሻጯ አለመበላሸቱን በትሕትና አስረዳቻቸው። ጎማውን የሚያዞረው ከኋላ የሚገፋው ሰው ነው፤ ልጅቷ መሪዋን ብታዞርም ባታዞርም ለውጥ የለውም። ለደኅንነት ሲባል ነው።

«እና ልጅቷ ምን ሆና ነው የምትቀመጠው? ሻንጣ?»

«ይኸው፣ አባዬ ጀመረ» አለች ልጃቸው።

አዎ፣ ጀመሩ። የውሸት መሪ አስጨብጦ እየነዳሽ ነው ማለት ልጅን መናቅ ነው አሉ፤ ንቀትን ደኅንነት ብሎ ማቆላመጥ ደግሞ ከንቀቱ የባሰ። ልጃቸው ስለ መንገዱና ስለ መኪናው ብዛት ብትነግራቸውም አልሰሟትም። ጥግ ላይ አቧራ የጠጣች፣ ጌጥ የሌላት ቀይ የብረት ብስክሌት አይተው ወደዚያ ሄደዋል።

ልጃቸው በሚጡ ዕድሜ ሳለች የነበራት ብስክሌት ልክ እንደዚህች ያለች ነበረች። ከሥራ ሲመለሱ በር ላይ ትጠብቃቸዋለች። የደንብ ልብሳቸውን እንኳ ሳያወልቁ መቀመጫውን ከኋላ ይዘው፣ እንደጎበጡ፣ እስከ መንገዱ ጫፍ ይሮጣሉ። ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ሲጨቃጨቁ የዋሉበት ድካም በዚያች ሩጫ ይረግፍ ነበር። የፔዳሉ ሲጥሲጥታ፣ የማጅራቷ ላብ፣ «አባዬ እንዳትለቀኝ» የምትለው ነገር። ከዚያ ወዲህ ስንት አገር አቋርጠው ነድተዋል፤ እንደዚያ ደስ ያላቸው ጉዞ ግን ትዝ አይላቸውም።

«ይቺን ነው የምገዛላት» አሉ።

«ማን ሊሮጥላት?»

ልጃቸው ይህን ያለችው በቀስታ ነው። ቀን ቀን ሚጡን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ ጉልበታቸው ደግሞ ደረጃ ባየ ቁጥር መለመን ከጀመረ ሰንብቷል። ዘንጉ ለማን ተብሎ እንደተመረጠ አሁን ገባቸው። ለጠብ ስለው ያመጡት ምላስ ዶለዶመ። ቀይዋ ብስክሌት ላይ እጃቸውን እንደጫኑ ቆሙ።

«ያኔ ስትለቀኝ አውቅ ነበር እኮ» አለች ልጃቸው፣ አጠገባቸው መጥታ። «ትንፋሽህ ከኋላዬ ሲጠፋ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ሸወድኳት ብለህ ደስ ብሎህ ነበራ።»

ሾፌሩ ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ወደ ሻጯ ዞረው፣ የባለዘንጉን መሪ ከጎማው ጋር ማያያዝ አይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ይቻላል አለች፤ ከሥሩ ማጥበቂያ አለው፣ ልጆች ከፍ ሲሉ ነው የሚታሰረው።

«አሁኑኑ እሰሪልኝ የኔ ልጅ። ዘንጉን እኔ እይዛለሁ፤ የምትነዳው ግን እሷ ናት።»

ልጃቸው ልትከራከር አፏን ከፈተች፤ ፊታቸውን አይታ ተወችው።

ሚጡ ተቀመጠች። ሾፌሩ ቀና እንዳሉ ዘንጉን ይዘው ገፋ አደረጉ። ሚጡ መሪዋን ስታዞር ጎማው ዞረ። ደንግጣ ጎማውን አየችው፤ ደግማ አዞረችው፤ እውነት ነው። ወዲያው በመደርደሪያዎቹ መሀል ገብታ በቀጥታ ወደ ኳስ ክምሩ አመራች።

«ወዴት ነው የምንሄደው?» አሉ ሾፌሩ።

«ዝም በል አባባ፣ እየነዳሁ ነው።»

የሚነዳን ሾፌር ማነጋገር ክልክል መሆኑን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ዝም ብለው ገፉ።