አልጋ ላይ ያለ መዝገብ

የሆስፒታሉ ዘበኛ የሾርባውን ዕቃ ክዳን ከፍቶ አየና፣ «ለታማሚው ምኑ ነሽ?» አላት።

«እህቱ።»

ውሸቷን ነው። የታማሚውን አናት በብረት ቱቦ የፈነከተው በያጅ ሚስት ናት። ጠቡ የማይረባ ነበር። ወጣቱ ሹፌር መኪናውን የብየዳ ቤቱ በር ላይ አቁሞ አላነሳም አለ፤ ባሏ ደግሞ ቱቦ አነሳ።

ባሏ በተያዘ ማግስት መርማሪው ፖሊስ ተቀመጪ እንኳ ሳይላት ነበር ያስረዳት።

«ልጁ ቶሎ ከዳነ ቀላል የአካል ጉዳት ነው። አካሉ ከጎደለ ከባድ ይባላል። ያም ሆኖ በዋስ የመውጣት ተስፋ አለው። ከሞተ ግን ሰው መግደል ነው፤ ዋስትናውን እርሺው።»

«እና እኔ ምን ላድርግ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? የባልሽ መዝገብ ያለው እዚያ አልጋ ላይ ነው።»

እሱ እያላገጠ ነበር፤ እሷ ግን የምሯን ያዘችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሾርባ ይዛ ትመላለሳለች። ሰፈሩ «ባል ይፈነክታል፣ ሚስት ታስታምማለች» እያለ ሲሳለቅባት ሆድ ይፍጀው ብላ መንገዷን ቀጠለች። የልጁ እናት መጀመሪያ ቀን ሾርባውን ወለሉ ላይ ደፉባት። በማግስቱ ግን ልጃቸው ከእጇ ሲውጥ አዩ።

«ለልጄ ብለሽ እንዳልሆነ አላጣሁትም» አሏት። «ግን ከእኔ እጅ እምቢ አለ። ምን ላድርግ? አጉርሺው።»

«ለእሱም ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ተይ እንግዲህ፣ አትዋሺኝ። ይልቅ እኔን እንቅልፍ ከጣለኝና ትንፋሹ ካላማረሽ ቀስቅሺኝ። ብቻውን እንዳይሄድብኝ።»

ዛሬ የዋስትናው ቀጠሮ ነው። የባሏ ታላቅ ወንድም ዋስ ሊሆን የቤቱን ካርታ ይዞ ችሎቱ በር ላይ ቆሟል።

ክፍሉ ውስጥ ስትገባ እናትየው አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ኩርምት ብለው ተኝተዋል። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ትራሱን ቀና አድርጋ ማንኪያውን ወደ ከንፈሩ አስጠጋች። ሾርባው በአገጩ ወረደ። ልትጠርግለት ስትነካው ቀዝቅዟል። እጁን ያዘች፤ እሱም ደርቋል። ከሞተ ቆይቷል።

መጀመሪያ የታሰባት ባሏ ነበር፤ በዚህም ራሷን ጠላች። ስልኳ ጠራ።

«ዳኛው እየገቡ ነው» አለ የባሏ ወንድም። «መርማሪው ልጁ እንዴት አደረ እያለ ነው። ምን ልበለው?»

«ተሽሎታል» ብትል ባሏ ዛሬ ቤቱ ያድራል፣ ልጆቹን ያቅፋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ። እናትየው እስኪነቁ ማንም አያውቅም።

«ስሚ እንጂ! ደህና ነው ልበለው?»

ድምፁ ሳይረብሻቸው አልቀረም። እናትየው ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ወደ አልጋው ሰደዱና፣ እንዳይበርደው ብርድ ልብሱን ወደ ልጃቸው እግር ሳብ አደረጉለት።

«ጋሼ፣ አንዴ ይቆዩኝ» አለች። ስልኩን ሳትዘጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ተንበርክካ የሴትየዋን ትከሻ ነካች።

«እማማ፣ ይነሱ።»