ከግድግዳው ወዲያ የሚጮኹት ሴቶች

ጥሩሸዋ ነጅዋን «ሴት ልጆችን ወደ ዓረብ አገር የምታሻግር ደላላ ናት» ብላ ከጠረጠረቻት ሰነበተች። ነጅዋ ከዓለም ከተማ የመጣች የነጋዴ ልጅ ናት፤ መሐል ሜዳ ከተማ እንግሊዝኛ ልታስተምር መጥታ የጥሩሸዋን የጓሮ ክፍል ተከራየች። አንገቷን ደፍታ ገብታ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች። ነገሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ሴት ተማሪዎቿ፣ የጥሩሸዋ ልጅ እየሩስም ጭምር፣ ይሰበሰቡና በሩ ይዘጋል። ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ ሴት በባዕድ ቋንቋ ትጮኻለች።

«ምን ስታደርጉ ነው የምትውሉት?» ስትላት እየሩስ፣ «ጥናት ነው፣ እማዬ» ትላለች፤ ዓይኗን ግን ትሰብራለች።

ጥሩሸዋ እንዲህ ያለ ጩኸት ታውቃለች። ታናሽ እህቷ ተሾመች ለቤት ሠራተኝነት ቤሩት ሄዳ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለች ዕለት እመቤቲቱ ከኋላዋ ትጮህ ነበር። ስልኩ ተቋረጠ፤ ተሾመችም በዚያው ቀረች። ያሻገረቻት ደላላም አንገቷን የደፋች ጨዋ ሴት ነበረች።

አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቷ አለቀ። የምትፈትለውን የበግ ፀጉር ጥላ በሩን በረገደችው።

«ማንን ነው የምታስጮኺብኝ? ልጄን ለማን ልትሸጫት ነው?»

ልጃገረዶቹ ክው አሉ። ነጅዋ ቤዝ ጊታር ታቅፋለች፤ ጩኸቱ የሚመጣው ከስልኳ ነው።

«እትዬ ጥሩሸዋ፣ ዘፈን እኮ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር የተጫወቱ ሴቶች ናቸው፤ ፖስት-ፐንክ ይሉታል። መሣሪያውን በቅጡ ሳይችሉ ነው የጀመሩት።»

«ቅኝት የለው፣ ለዛ የለው! ምን ሆነው ነው የሚጮኹት?»

«ለማሳመር አልተነሱም። ቤት ውስጥ የሚያንገበግባቸውን፣ መንገድ ላይ የሚያስፈራቸውን አፋቸው ላይ እንደመጣ አወጡት። እነሱን ሰምታ ጊታር ያነሳች ሴት ስንት ናት! እኔም አንዷ ነኝ።»

ጥሩሸዋ አላመነቻትም። «እስቲ እናንተ የምትሉትን አሰሙኝ» አለች።

ነጅዋ ክሩን መታች። እየሩስ ተነስታ እንደ መናገርም እንደ መጮህም አደረጋት፦

«ሃሎ! ሃሎ! አክስቴ፣ ይሰማሻል?
ማነው ከኋላሽ የሚጮህብሽ?
‹ደህና ነኝ› አልሽን፣ ደህና ነሽ ወይ?»

ጥሩሸዋ ወደ ልጇ ተጠጋች። «ይህን ማን ነገረሽ? ያኔ ሕፃን ነበርሽ!»

«ማንም። በስልክ ስታወሩ አጠገብሽ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ስሟን ስታነሺ ሰምቼ አላውቅም።»

ጥሩሸዋ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «‹ደህና ነኝ› አላለችም» አለች። «እኔ ነኝ ለሰው እንዲያ ያልኩት። ‹ውሰዱኝ› ነው ያለችው።»

እየሩስ ወደ ነጅዋ ዞረች። ነጅዋ «እሺ» ብላ ራሷን ነቀነቀችላት፤ «ደህና ነኝ»ን በ«ውሰዱኝ» ተክተው ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ጥሩሸዋ ነጅዋን ጨርሳ አመነቻት ማለት አይደለም። በዚያው ዕለት የነጅዋን አባት ስልክ ቁጥር ተቀብላ ዓለም ከተማ ደወለች፤ ዘር ማንዘሯን ጠየቀች። ቅዳሜም በሩ ክፍት ይሁን ብላ አዘዘች። ጎረቤት፣ «ኧረ ይሄ ጩኸት ምንድነው?» ሲላት ግን፣ «እህቴን እየጠሩልኝ ነው» ትላለች።